ቁና፣ ሚዛንና እምነት፦ ከአርሲ ደጋ ገበያ የሚቀዳ ትምህርት
(የሕዝብ ንግግር ግልባጭ)



በቆጂ በዓለም የምትታወቀው በሯጮቿ ነው። እኔ ዛሬ የማነሣው ግን ገብስና ስንዴ የሚሰፈርበትን ገበያዋን ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፤ ሰውን በገበያ ከመታለል የሚጠብቀው የግል ንቃቱ ነው ወይስ የጋራ ሥርዓት?

ሕዝባችን «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላል። ጥርጣሬው ያለ ምክንያት አልነበረም። የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር በሚዘዋወርበት ዘመን ተቀባዩ በንግሥቲቱ ዘውድ ላይ ያሉትን ዕንቁዎች ይቆጥር፣ ምስሉ የደበዘዘውንም ይመልስ ነበር። የተሸረፈ አሞሌ ጨውም ዋጋው ይወርድ ነበር። ይህ ጥንቃቄ የሠራው ጉድለቱ ለሻጭም ለገዥም እኩል ስለሚታይ ነው።

እህል ላይ ስንደርስ ነገሩ ይለወጣል። የቁና መጠን ከአገር አገር ይለያያል፤ ተነቅንቆ የተሞላውና እንዲሁ የተሰፈረውም አንድ አይደሉም። የኪሎ ሚዛን ሲመጣ ደግሞ ቁጥሩን ማንበብ የማይችለው ገበሬ በነጋዴው ቃል ላይ ተንጠለጠለ። ግብርና ዕዳ የሚከፍለው አዝመራ እንደ ገባ፣ ዋጋ በወደቀበት ሰሞን ነውና፣ መጉደሉን ቢጠረጥር እንኳ እህሉን ጭኖ ወዴት ይመለሳል? ድኻውን ያስበላው የጥርጣሬ እጦት ሳይሆን የአማራጭ እጦት ነበር።

እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ትብብር አሰላ ላይ የተመሠረተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምህጻሩ ካዱ፣ ከምርጥ ዘር፣ ከማዳበሪያና ከብድር ጋር የእህል ግብይትንም ሥራው አደረገ። በመግዣ ጣቢያዎቹ እህል መረከቡ ለገበሬው ሁለተኛ ገዥ፣ ስለዚህም ማነጻጸሪያ አስገኘለት። ሥርዓቱ ግን ሁሉን አላዳነም። እርሻው ትርፋማ ሲሆን ባለመሬቶች ትራክተር አስገብተው ብዙ ጭሰኞችን አፈናቀሉ። መሬት ለሌለው ሰው ቀና ሚዛን ብቻውን ፍትሕ አይሆንም።

ዛሬ ቅቤ ከሙዝ፣ በርበሬ ከሸክላ ዱቄት፣ ማር ከስኳር ጋር ተደባልቆ መሸጡ እንግዳ ወሬ አይደለም። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማቹ ስለሚገዛው ዕቃ በቂና ትክክለኛ መረጃ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። በስልክ «ሽልማት ደርሶዎታል፤ የምሥጢር ቁጥርዎን ይንገሩን» የሚለው አታላይም ስልቱ አሮጌ ነው፤ መለኪያውን ይሰውራል፣ ያጣድፋል፣ ከሌላ ሰው ጋር እንዳንመክር ያግዳል። እነዚህ ሦስቱ ሲገጣጠሙ ስልኩን ዘግቶ ድርጅቱን በታወቀው ቁጥሩ ራስን ችሎ መጠየቅ ይገባል። ይህም ቢሆን ሁለተኛ ሚዛን መፈለግ ነው።

ስለዚህ ምሳሌያዊ ንግግሩን አንጣለው፤ ነገር ግን የተመነጠረውን ሰው «ለምን አልጠረጠርህም?» ብለን ከመውቀሳችን በፊት፣ የሚያመሳክርበት ሚዛንና አቤት የሚልበት ደጅ ነበረው ወይ ብለን እንጠይቅ።