«በሸለቆ የበረዶ ዕድል»፦ ስለ አየር ጠባይ ትንበያ ቃላት ታሪካዊ አስተያየት

በዩናይትድ ስቴትስ አሜሪካ በምዕራብ በኩል በምትገኘው የዩታ ግዛት፣ ብርድ በሚበረታባቸው ከኅዳር እስከ መጋቢት ባሉት ወራት፣ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤቱ በየጊዜው ከሚያወጣቸው መግለጫዎች መካከል አንድ የተለመደ ዐረፍተ ነገር አለ። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ቢመለስ «በሸለቆዎች የበረዶ ዕድል አለ» የሚል ይሆናል። አራት ቃላት ብቻ ናቸው፤ በሰዋስውም እንከን አይገኝባቸውም። ይሁን እንጂ ደብረ ማርቆስ ወይም ደብረ ብርሃን ተወልዶ ያደገ ሰው ይህን ቢሰማ በሐሳቡ የሚታየው ሥዕል ለሶልት ሌክ ከተማ ነዋሪ ከሚታየው ፈጽሞ የተለየ ነው። ሸለቆ ሲባል የዐባይን በረሃ ያስባል፤ በረዶ ሲባል ከነጐድጓድ ጋር ወርዶ አዝመራ የሚደበድበውን ጠጠር ያስባል፤ ዕድል ሲባል ደግሞ መልካም አጋጣሚን ያስባል።

ነገሩ የቃላት ጨዋታ ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ገጽ ባላነሣነው ነበር። ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች አማርኛ የመሥሪያ ቤት ማስታወቂያ የሚጻፍበት ቋንቋ ሆኗል። የዋሽንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2004 ያወጣው የቋንቋ አገልግሎት ሕግ በሥራ ላይ ሲውል፣ ዋና ዋና ሰነዶች ከሚተረጐሙባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው። ነገ ጧት መኪና ይነዳ እንደሆን፣ ልጆች ትምህርት ቤት ይሄዱ እንደሆን የሚወስነው አንባቢ የሚመካው ተርጓሚው በመረጣት ቃል ላይ ነው። ስለዚህ የእነዚህን ቃላት ታሪክ፣ የእነሱንም የእኛንም፣ በአጭሩ መመልከት ይገባናል። ከዚህ በታች የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።

በመጀመሪያ «ትንበያ» የሚለውን ቃል እንይ። የእንግሊዝ የባሕር ኃይል መኰንን የነበረው ሮበርት ፊትዝሮይ እ.ኤ.አ. በ1854 አዲስ የተቋቋመውን የአየር ጠባይ ክፍል እንዲመራ ተሾመ። በ1859 «ሮያል ቻርተር» የተባለች መርከብ በዌልስ ጠረፍ በማዕበል ተሰብራ ብዙ ሰው ካለቀ በኋላ ለመርከበኞች ማስጠንቀቂያ የሚሰጥበትን ዘዴ አደራጀ፤ በነሐሴ 1861ም ለሕዝብ የሚሆን የነገ አየር ጠባይ መግለጫ በለንደን ጋዜጣ ላይ ማውጣት ጀመረ። ለዚህ ሥራ ስም ሲመርጥ ሁለት ቃላትን ሆን ብሎ ገሸሽ አደረገ፤ ይኸውም ትንቢት የሚለውንና አስቀድሞ መናገር የሚለውን ነው። የመረጠው ቃል በእንግሊዝኛ አስቀድሞ ማቀድን፣ ወደፊት አርቆ ማሰብን ያመለክት የነበረ አሮጌ ቃል ነበረ። ምክንያቱንም በ1863 ባሳተመው መጽሐፉ ገልጾታል፤ የሚያወጣው ነገር ከሳይንሳዊ ስሌት የመነጨ አስተያየት እንጂ የነቢይ ቃል እንዳልሆነ አንባቢው ከስሙ እንዲረዳ ፈልጎ ነው። ጥንቃቄው ግን ከመዘባበት አላዳነውም። ግምቱ በሳተ ቁጥር ጋዜጦች ይቀልዱበት ነበር፤ እሱ በ1865 በገዛ እጁ ሕይወቱን ካጠፋ በኋላም ለሕዝብ የሚወጣው መግለጫ ለዓመታት ተቋርጦ ቆይቷል።

በአሜሪካም ተመሳሳይ የስም ክርክር ነበረ። ክሊቭላንድ አቤ የተባለው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1869 በሲንሲናቲ ከተማ መግለጫ ማውጣት ጀመረ፤ በ1871 ወደ መንግሥት ሥራ ሲገባም ለዕለታዊው መግለጫ የተሰጠው ስም «ይሆናል የሚባሉ ነገሮች» ለማለት የሚቀርብ ነበረ። ሕዝቡም «ሽማግሌው ይሆናል» እያለ በዚሁ ቃል ቅጽል ስም አወጣለት። መሥሪያ ቤቱ በ1876 ስሙን «ምልክቶች» ወደሚል ለወጠው፤ በ1889 ደግሞ የፊትዝሮይን ቃል ተቀበለ። እኛ የመጀመሪያው ስም ቢቀር ኖሮ ይሻል ነበር ባዮች ነን፤ ምክንያቱ ወደ ኋላ ግልጽ ይሆናል።

እንግዲህ ፊትዝሮይ የሸሸው ቃል እኛ ዘንድ ተቀምጦ ይገኛል። «ትንበያ» ከግእዙ «ተነበየ» የወጣ፣ የ«ነቢይ»ና የ«ትንቢት» ሥጋ ዘመድ ነው። ታዲያ መለወጥ አለበትን? አያስፈልግም እንላለን። ቋንቋው ራሱ በቅርጽ ለይቶታል፤ «ትንቢት» ለቤተ ክህነቱ ቀርቷል፣ «ትንበያ» ለስሌቱ ሥራ ተሰጥቷል፤ የሁለቱን ቦታ የሚያቀያይር ተናጋሪም የለም። ጉዳት የሚያደርሰው ስሙ ሳይሆን ከስሙ ጋር ተያይዞ የሚመጣው ግሥ ነው። ተርጓሚዎቻችን ብዙ ጊዜ «ይጥላል» ብለው ይደመድማሉ፤ ይህ ደግሞ የነቢይ አነጋገር ነው።

ይህም ወደ «ዕድል» ያደርሰናል። በአሜሪካ የትንበያ መሥሪያ ቤት ከ1960ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ የዝናብና የበረዶ ነገር በመቶኛ እየተገለጸ ይወጣል። ቊጥሩ የሚለው ይህን ነው፦ በተወሰነው ጊዜ ውስጥ፣ በተወሰነው አካባቢ ባለ በማናቸውም አንድ ነጥብ ላይ፣ ቢያንስ ሩብ ሚሊሜትር የሚያህል ውሃ የሚወርድ መሆኑ ምን ያህል ይታመናል? ጌርድ ጊገሬንዘርና ባልደረቦቹ በ2005 ባወጡት ጥናት የኒው ዮርክ፣ የአምስተርዳም፣ የአቴና፣ የበርሊንና የሚላኖ ነዋሪዎችን «ነገ 30 በመቶ ዝናብ» ማለት ምን ማለት እንደሆነ ጠይቀው ነበር። አብዛኛው ሰው በትክክል የመለሰው በኒው ዮርክ ብቻ ነው። ሌሎቹ ከቀኑ 30 በመቶው ጊዜ፣ ወይም ከአገሩ 30 በመቶው ቦታ ይዘንብበታል ማለት መስሏቸዋል። ቊጥሩ የተለመደ ሆኖ ሳለ ሰው የሚያውቀው «የምን 30 በመቶ» እንደሆነ አልነበረም። መልሱ ቀላል ነው፤ ዛሬን ከመሰሉ አሥር ቀኖች በሦስቱ ይዘንባል ማለት ነው። ተርጓሚው ይህችን ዐረፍተ ነገር አንድ ጊዜ በማስታወቂያው ራስጌ ቢያስገባት ብዙ ጥያቄ ይቀንሳል።

«ዕድል» ግን ይህን ሸክም አይችልም። ዕድል ዕጣ ነው፣ ድርሻ ነው፣ ከላይ የተሰጠ ነው፤ «የበረዶ ዕድል» የሚል ሐረግ ለገበሬ ጆሮ በረዶን እንደ ሲሳይ ያስመስለዋል። በምትኩ «ሥጋት» የሚሉ አሉ፤ ይህ ደግሞ በተቃራኒው ያጋድላል፤ በዩታ ተራሮች ላይ ለሚንሸራተተው ሰው በረዶው ደስታው ነውና። እኛ የምንለው፣ አማርኛ ለዚህ ጉዳይ ስም አያስፈልገውም፤ ግሥ አለው። የአሜሪካው መሥሪያ ቤት በቃል የሚጠቀምበት መሰላል አለው፤ እስከ 20 በመቶ ድረስ በአንድ ቃል፣ ከ30 እስከ 50 በሌላ ቃል፣ 60ና 70 በሦስተኛ ቃል ይገልጻል፤ 80ና ከዚያ በላይ ሲሆን ማጠራጠሪያውን ጨርሶ ይተወዋል። አማርኛም የራሱን መሰላል ከጥንት ጀምሮ ሲወጣበት ሲወርድበት ኖሯል፦ «ምናልባት ሊጥል ይችላል»፣ «ይጥል ይሆናል»፣ «ሳይጥል አይቀርም»፣ «ይጥላል»። አራቱን ደረጃዎች በአራቱ ላይ በቋሚነት ማሳረፍ ይቻላል። የአቤ የመጀመሪያ ስም የሚሻል ነበር ያልነውም ስለዚህ ነው፤ በግሣችን ጫፍ ላይ የተቀመጠውን «ይሆናል» ያህል ለሥራው የሚስማማ ቃል አላገኘንም።

ከሁሉ የሚከብደው ግን «በረዶ» ነው። ግእዝ በዚህ ረገድ ድኻ አልነበረም፤ በረድ፣ አስሐትያ፣ ሐመዳ የሚሉ ሦስት ቃላት ነበሩት፤ በመዝሙረ ዳዊት 148ኛው መዝሙር ላይ ጐን ለጐን ተሰልፈው ይገኛሉ። ወሰናቸው ጥብቅ ነበረ ለማለት አንደፍርም፤ አስሐትያ አንድ ጊዜ ውርጭ፣ አንድ ጊዜ ግግር፣ ሌላ ጊዜ ነጩ ብናኝ ይሆናል። ወደ አማርኛ ሲወርዱ በረድ «በረዶ»፣ ሐመዳ «አመዳይ» ሆኑ፤ አስሐትያ በመጻሕፍት ቀረ። አመዳይ ከ«አመድ» ጋር ያለው ዝምድና ለዓይንም ለጆሮም ቅርብ ነው፤ ነጭ ሆኖ በነፋስ የሚበተን ነገር ነውና።

ኢትዮጵያ ስለዚህ ነገር ከጥንት ጀምሮ መስክራለች ቢባል ማጋነን አይደለም። ኮስማስ የተባለው ነጋዴ በ6ኛው ምዕት ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ በአዱሊስ ከአንድ የእብነ በረድ ዙፋን ላይ የገለበጠው የግሪክኛ ጽሑፍ አለ። ስሙ ያልተጠቀሰ የአክሱም ንጉሥ ስለ ዘመቻዎቹ ሲተርክ፣ ከወንዙ ማዶ ያሉትን የሰሜን ተራሮች ያነሣና ሰው እስከ ጕልበቱ የሚሰጥምበት ነጭ በረዶና ብርድ እንዳለባቸው ይናገራል። በ18ኛው ምዕት ዓመት አገራችንን የጐበኘው ጄምስ ብሩስ በእነዚያ ተራሮች ላይ እንዲህ ያለ ነገር የለም ሲል ክዷል፤ ሄንሪ ሶልት በ1814 ባሳተመው መጽሐፍ ደግሞ መኖሩን አረጋግጦ የአዱሊሱን ጽሑፍ ደግፏል። ከ4,500 ሜትር በላይ ከፍ በሚለው በራስ ዳሸን ላይ ዛሬም ይጥላል፤ ግን ሳይቈይ ይቀልጣል። ቃሉ በቋንቋው እንዲደበዝዝ ያደረገው ይኸው አለመቈየቱ ይመስለናል፤ ከሰሜን ተራሮች ውጭ ያለው ሕዝብ የሚያየው ጠጠሩን በረዶና በንጋት ሣር ላይ የሚነጣውን ውርጭ ብቻ ነው።

መዋዠቁ በታላላቅ ትርጕሞችም ይታያል። በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘመን ተተርጕሞ እ.ኤ.አ. በ1962 የታተመው መጽሐፍ ቅዱስ «ሼሌግ» የሚለውን አንድ የዕብራይስጥ ቃል በኢሳይያስ ምዕራፍ 1 ላይ «አመዳይ» ብሎ ሲመልስ፣ በንስሐው መዝሙር ላይ ግን «በረዶ» ብሎታል። በሁለቱም ቦታ የተፈለገው ንጣት ስለሆነ ምእመኑ አልተጐዳም። የአየር ጠባይ ትንበያ ግን ይህን ነጻነት አይፈቅድም፤ ጠጠሩ በረዶ በደቂቃዎች የሚያልፍ ሲሆን ነጩ ብናኝ መንገድ ዘግቶ ይውላል፣ ያድራል።

አስተያየታችን፣ ጠጠሩ «በረዶ»፣ ነጩ ብናኝ «አመዳይ»፣ የሣሩ ላይ ቅዝቃዜ «ውርጭ»፣ የረጋው ውሃ «ግግር በረዶ» እንዲባል ነው። በአንዳንድ የደጋ አገሮች አመዳይ ለውርጩ እንደሚነገር እናውቃለን፤ ይህ እውነተኛ ተቃውሞ ነው። ነገር ግን ለውርጩ ሌላ ጠንካራ ቃል አለ፤ ለብናኙ ግን ከአመዳይ በቀር ሌላ የለም። በባሕር ማዶ ያሉ ወገኖቻችን በበኩላቸው «ስኖው» ብለው ገላግለውታል። ተርጓሚው በአስቸኳይ ማስታወቂያ ላይ «አመዳይ፣ ማለትም ስኖው» ብሎ ቢጽፍ የሚነቅፈው አይኑር፤ ሰው ከሚሰናከል ቃል ቢደገም ይሻላል።

«ሸለቆ»ም ትንሽ ማብራሪያ ይፈልጋል። የሶልት ሌክ ሸለቆ ገደላ ገደል አይደለም፤ ወለሉ ከባሕር ጠለል በላይ 1,300 ሜትር ገደማ የሆነ፣ በምሥራቅ ከ3,300 ሜትር በላይ በሚወጡት የዋሳች ተራሮች የታጠረ፣ ከተማ የሰፈረበት ሰፊ ሜዳ ነው። በተራሮቹ ላይ አመዳይ መጣሉ የሚያነጋግር አይደለም፤ የሚያነጋግረው እስከ ወለሉ ይወርዳል ወይ የሚለው ነው። አመዳዩ ቅዝቃዜው 0 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ከሆነበት ከፍታ በታችም እስከ 300 ሜትር ያህል ሳይቀልጥ ሊወርድ ይችላል፤ አየሩ ደረቅ ቢሆን ጠብታው በትነት እያቀዘቀዘው ወሰኑን ወደ ታች ይገፋዋል፤ ጨዋማው ታላቁ ሐይቅም ስለማይረጋ በላዩ ለሚያልፈው ብርዳም ነፋስ እርጥበትና ሙቀት ይጨምርለታል። አንድ ዲግሪ ልዩነት ዝናቡን ወደ አመዳይ ይለውጠዋልና ትንበያው የሚስተው እዚሁ ላይ ነው።

ይህን ነገር ለአማርኛ ተናጋሪ ማስረዳት እንደሚታሰበው አያዳግትም። ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋ፣ ውርጭ እያለ አገሩን በከፍታና በቅዝቃዜ ሲከፍል የኖረ ሕዝብ ነው። «የአመዳይ ወሰን ዛሬ ማታ እስከ 1,500 ሜትር ይወርዳል» ቢባል ወዲያው ይገባዋል። በዚያው መግለጫ «አግዳሚ ወንበሮች» ተብሎ ሊተረጐም የሚችል አንድ ቃልም ይገኛል፤ ነገሩ ግን ቦነቪል የተባለው የጥንት ሐይቅ በተራሮቹ ግርጌ ትቶት የሄደው እርከን ነው፤ «እርከን» ብሎ ማለፍ ነው።

በመጨረሻ «የክረምት ትንበያ» የሚለው ሐረግ ይቀራል። ለኛ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው የዝናብ ወቅት ነው፤ የአገራችን የሚቲዎሮሎጂ መሥሪያ ቤትም «የክረምት ትንበያ» ሲል የሚያወጣው የዚህን ወቅት ዝናብ ነው። በማቴዎስ ወንጌል 24ኛ ምዕራፍ ስለ ሽሽት የተነገረው «ክረምት» ስሕተት አይደለም፤ በፍልስጥኤም ምድር ዝናብና ብርድ አብረው ይመጣሉና። በአሜሪካ ግን ልጆች «የክረምት ዕረፍት» የሚሉት በሐምሌ ፀሐይ የሚያሳልፉትን ጊዜ ስለሆነ፣ በጥር «የክረምት ማዕበል» የሚል ማስታወቂያ የደረሰው ቤተ ሰብ ወረቀቱ ያለጊዜው የመጣ ቢመስለው አይፈረድበትም። ለዚህ «የብርድ ወራት» የሚለውን እንመርጣለን። ሲወርድ ዝናብ ሆኖ መሬት ሲነካ የሚረጋው፣ ከመሬት ሳይደርስ የሚረጋው፣ ከአመዳይ ጋር ተቀላቅሎ የሚወርደው ዝናብ ግን ገና ሦስት ስሞች ይጠብቃሉ፤ አንባቢዎቻችን በየአገራቸው የሰሙትን ቃል እንዲልኩልን እንጠይቃለን።