ከቆዳ ቀለበት እስከ ጠርሙስ መድኃኒት፦ የአሮጌ መኪና ዘይት ማፍሰስ እንደ ታሪክ ሰነድ



ለዛሬው ንግግር የመረጥሁት ርእስ ለታሪክ ትምህርት ክፍል መድረክ እንግዳ ሊመስል እንደሚችል አውቃለሁ። እዚህ ቆሜ ስለ ነገሥታትና ስለ ድንበር ውል ብዙ ጊዜ ተናግሬአለሁ። ዛሬ የምናገረው በየመለዋወጫ ሱቁ መደርደሪያ ላይ ስለምናየው አንድ ትንሽ ጠርሙስ ነው። ነጋዴዎቹ «ስቶፕ ሊክ» ይሉታል፤ በሞተር ዘይት ላይ ሲጨመር ማፍሰስን ያቆማል ይባላል። በእርግጥ ያቆማልን? ጥያቄው አጭር ነው፤ መልሱ ግን ወደ አንድ መቶ ዓመት ገደማ ወደ ኋላ ይወስደናል።

ወደዚህ ጥያቄ የገባሁት በመጽሐፍ በኩል አልነበረም። ከዓመታት በፊት አንዲት ዲኤክስ ቶዮታ ገዛሁ። ሻጩ ሞተሩን አስነሥቶ ከሥሩ ካርቶን ዘረጋ፤ ከግማሽ ሰዓት በኋላም ካርቶኑን አንሥቶ ጠብታ እንኳ እንደሌለበት አሳየኝ። ማስረጃ በዐይኔ አየሁ ብዬ ከፈልሁ። ሰነድን መመርመር የሚያስተምር ሰው ሰነዱን ማን እንዳዘጋጀው ሳይጠይቅ ቀረ። ሁለት ወር ሳይሞላ የግቢዬ ድንጋይ ንጣፍ ጠቆረ። መካኒኩ ካምቢዮውን አውርዶ የኋላውን ኦይል ሲል ሲያወጣው ጎማው አብጦና ለስልሶ፣ በጥፍር ሲነካ የሚላጥ ሆኖ አገኘው። «ዶክተር፣ መድኃኒት አብዝተውበታል» አለኝ። ያ ቃል፣ «መድኃኒት» የሚለው፣ ከእኔ ጋር ቀረ።

በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ መኪና ለዳግማዊ ምኒልክ አዲስ አበባ በደረሰችበት ዘመን ዘይት የማያፈስ ሞተር የሚጠብቅ ሰው አልነበረም። የሚሽከረከር ብረት ከሞተሩ አካል በሚወጣበት ቀዳዳ ዙሪያ የሚደረገው ማሸጊያ የተጠቀጠቀ የሱፍ ጨርቅ፣ ገመድ ወይም ቆዳ ነበር። ማንጠብጠብ የሥራው ባሕርይ እንጂ ብልሽት አልነበረም።

ነገሩን ከቀየሩት መካከል አንዱ ከማይጠበቅ ቦታ መጣ። በጀርመን ቫይንሃይም ከተማ የሚገኘው ፍሮይደንበርግ የተባለ ድርጅት ከ1849 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ቆዳ ፋብሪካ ነበር። በ1929 እ.ኤ.አ. የዓለም ኢኮኖሚ ሲናጋ ለቆዳው አዲስ ገበያ ፈልጎ ለማሽን የሚሆኑ የቆዳ ማሸጊያዎችን መሥራት ጀመረ። ዋልተር ዚመር የተባለው መሐንዲሱ ደግሞ ዛሬም በስሙ የሚጠራውን፣ በዘንጉ ዙሪያ ከንፈሩን ጫን አድርጎ የሚቀመጠውን ቀለበት አዳበረ። በአገራችን «ፋቂ» እየተባለ የተናቀው ሙያ ለዘመናዊው ሞተር ማሸጊያ ሰጠው ማለት ነው። ይህን በምናገርበት ጊዜ ሁሉ ትንሽ ደስታ ይሰማኛል።

በዚያው በ1930ዎቹ የጀርመን ኬሚስቶች ዘይት የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ጎማ አወጡ፤ ናይትራይል ይባላል፤ ቀስ በቀስም የቆዳውን ቦታ ያዘ። የተፈጥሮ ጎማ በማዕድን ዘይት ውስጥ ከልክ በላይ አብጦ ይበላሻል። ናይትራይል ግን የሚያብጠው በጥቂቱ ነው፤ ያ ጥቂት እብጠትም የታሰበበት ነው። ጎማው ጥቂት ዘይት ጠጥቶ ከንፈሩን በዘንጉ ላይ እንዲያጠብቅ ይፈለጋል። ስለዚህ ዘይቱና ማሸጊያው ሁለት የተለያዩ ዕቃዎች ሳይሆኑ አብረው የታቀዱ ጥንዶች ናቸው።

ጥንዶቹ ግን እኩል አላረጁም። ጎማው በሙቀት ብዛት የሚያለሰልሱትን ንጥረ ነገሮች እያጣ ይደርቃል፣ ይኮማተራል። ዘይቱ ደግሞ በሌላ አቅጣጫ ሄደ። የቀድሞው የማዕድን ዘይት አሮማቲክ የሚባሉ፣ ጎማን የሚያሳብጡ ውሑዶች በብዛት ነበሩበት፤ ባለፈው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ የማጣራቱ ጥበብ ሲረቅቅ ግን እነዚህ ተወገዱ። ለሞተሩ ጤና በጎ ነው፤ ለአሮጌው ጎማ ግን የለመደውን መጠጥ መንሳት ነው። አምራቾች ጉድለቱን በተጨማሪ ንጥረ ነገር እንደሚያካክሱ አውቃለሁ፤ እያንዳንዱ ጠብታ ከዚህ የመጣ ነውም አልልም። ነገር ግን በጠርሙሱ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ስናይ ታሪኩ ይገለጣል፤ በአብዛኛው ኤስተርና ሌሎች ጎማን የሚያለሰልሱና የሚያሳብጡ ፈሳሾች ናቸው። ጠርሙሱ ጊዜ ከጎማው፣ ማጣሪያው ደግሞ ከዘይቱ የወሰዱትን በከፊል ይመልሳል።

እንግዲህ ይሠራል፤ የሚሠራው ግን ለደረቀ ጎማ ብቻ ነው፤ ውጤቱም የሚታየው ቀናት ከተነዳ በኋላ ነው። የተቀደደ ከንፈር አይሰፋም። ዘንጉ፣ መካኒኮቻችን ኮሎ የሚሉት፣ በመፋተግ ብዛት ጎድጎዶ ከሆነ ብረት አይሞላም። የወረቀትና የቡሽ ጓርኒሲዮን እንደ ጎማ አያብጥም። መጠኑ ሲበዛ ደግሞ የእኔን ኦይል ሲል ያደርገዋል።

ከሁሉ የሚረሳው የሞተሩ የውስጥ ግፊት ነው። በፒስተን ዳር የሚያመልጠው ጭስ ቀድሞ በቧንቧ ወደ ውጭ ይለቀቅ ነበር። ካሊፎርኒያ ስለ አየር ብክለት ተጨንቃ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ጭሱ በአንዲት ቫልቭ በኩል ተመልሶ እንዲቃጠል አስገደደች። ይህች ቫልቭ ከተደፈነች ግፊቱ ጤነኛውን ኦይል ሲል ሳይቀር አልፎ ዘይት ያስወጣል። ስንቱ ሰው ቫልቭ ማጽዳት ሲገባው ጠርሙስ ገዝቷል!

የራዲያተር መድኃኒትን ከዚህ ጋር እንዳታምታቱ። እርሱ በቀዳዳው ላይ የሚጠራቀም ደቃቅ ነገር ይዞ ይደፍናል። በ1958 እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ባሕር ኃይል ኖቲለስ የተባለችውን የኑክሌር ሰርጓጅ መርከብ ወደ ሰሜን ዋልታ ሊልክ ሲል የማቀዝቀዣ ክፍሏ ቢያፈስ፣ መርከበኞቹ ሲያትል ከተማ ወጥተው የመኪና ራዲያተር መድኃኒት በቆርቆሮ ሰብስበው ጨመሩባት፤ ዋልታውንም አቋርጣ አለፈች። (ሳቅ) ያንኑ በሞተር ዘይት ውስጥ የሚጨምር ሰው ግን የዘይቱን ቀጫጭን መተላለፊያ ይደፍናል።

በአገራችን የነገሩ ክብደት ሌላ ነው። ፍሬን፣ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጓርኒሲዮን እያልን የምንጠግነው ከጣሊያን በወረስነው ቋንቋ ነው፤ ከፊያት 124 ተቀድታ በሶቪየት ኅብረት የተሠራችውን ላዳ እንኳ በዚያው ቋንቋ አቆየናት። ያገለገሉ መኪኖች ላይ ኤክሳይዝ ታክስን እጅግ ከፍ ያደረገው አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ከወጣ፣ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ፣ በእጅ ያለች አሮጌ መኪና ምትክ የሌላት ሀብት ሆናለች። የኋላው ኦይል ሲል ራሱ ርካሽ ነው፤ ውድ የሚሆነው ካምቢዮ ማውረዱ ነው። የዕለት ገቢውን በመኪናው የሚያገኝ ባለ ታክሲ ያን ያህል ቀን ጋራዥ ተኝቶ ልጆቹን ምን ያበላል? እርሱ ዘይቱን ጠዋት ጠዋት እየለካ በጠርሙስ ጥቂት ወራት ቢገዛ ስሕተት ነው አልለውም። ያው ጠርሙስ በመኪና ሻጭ እጅ ሲሆን ግን ለአንድ ካርቶንና ለግማሽ ሰዓት የተዘጋጀ የሐሰት ሰነድ ነው። ለዓመታዊው ምርመራ፣ ለቦሎ ሲባል የሚጨመረውም ከዚህ አይርቅም፤ ምርመራው ካለፈ በኋላ የሚፈስሰው ዘይት በዝናብ ታጥቦ ወደ ወንዞቻችን ይወርዳልና።

ያ ያበጠ ኦይል ሲል ዛሬም በቢሮዬ መሳቢያ ውስጥ አለ፤ ለዛሬው ቀን ይዤው መጥቻለሁ። ጥያቄ እስክታዘጋጁ ድረስ ከፊት ወንበር ጀምሮ እጅ በእጅ ይዙር። እጃችሁን እንደሚያቆሽሽ ግን አስቀድሜ እናገራለሁ።