ይጠገን ወይስ ይለወጥ? የመኪና መሪ ታሪክ በቆቃ መንገድ

የዩኒቨርሲቲያችን ታሪክ ሲነገር ብዙ ጊዜ የሚነሣው የስሙ መለዋወጥ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 ናዝሬት ቴክኒክ ኮሌጅ ተብሎ ተጀመረ፤ በ1998 ዓ.ም. አዳማ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ አዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ኮሌጁ ከመከፈቱ በፊት ግን በዚህ አካባቢ መካኒክ የሚወጣበት ሌላ ትምህርት ቤት ነበር፤ እሱም የመንገድ ዳር ጋራዥ ነው። ከጋራዡ ትምህርት አንዱን ብቻ መርጬ ላንሣ፤ የመሪ ጥገናን።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ካመጣቸው የጭነት መኪኖች መካከል ሕዝቡ «ትሬንታ ኳትሮ» የሚለው ፊያት 634 ጌቶቹ ከሄዱም በኋላ ለብዙ ዓመታት ሲሠራ ኖሯል። የጋራዡ ቋንቋም አብሮ ቀረ። ዛሬ ካቻቪቴ፣ ክሪክ፣ ዳዶ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ኩሽኔታ ስንል በጣሊያንኛ እያወራን ነው። በ1946 ዓ.ም. የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ ጀመረ። በ1952 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ የተሠራው፣ 43 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው የቆቃ ግድብ ተመረቀ። ከሞጆ በቆቃ አድርጎ ወደ መቂ፣ ዝዋይና ሻሸመኔ የሚወርደው መንገድም ቲማቲሙን፣ ሽንኩርቱንና መንገደኛውን ሲያመላልስ ኖረ። መኪና በበዛበት ሁሉ ጋራዥ መኖሩ የታወቀ ነው።

በዚህ መንገድ ያለፉትን አሮጌ መኪኖች በመሪያቸው ከሁለት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያዎቹ ባለ ሳጥን ናቸው። ፊያት 600 (ሴይቼንቶ የምንላት)፣ ቮልስዋገን፣ ኋላም ታክሲ የሆነችው ላዳ ሁሉም እዚህ ውስጥ ይገባሉ። በሳጥኑ ውስጥ እንደ ብሎን የተጠማዘዘ ጥርስ አለ፤ መሪው ሲዞር ይህ ጥርስ አንድ ክንድ ይገፋል፣ ክንዱም በዘንጎች አማካይነት ጎማዎቹን ያዞራል። ሳጥኑ ሲላላ የማስተካከያዋን ብሎን በጥቂቱ ማጥበቅ፣ ዘይቱን መሙላት ነው። መካኒክ ይወደዋል፤ ታጋሽ ነውና።

ሁለተኛዎቹ ባለ ራክ ናቸው። ራክ ማለት ጥርስ የተቆረጠለት ቀጥ ያለ ዘንግ ነው። በመሪው ጫፍ ያለው ትንሽ የጥርስ ጎማ፣ ፒኞኑ፣ እሱን ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይጎትተዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ ካርል ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1886 የፈጠራ መብት ባስመዘገበባት ባለ ሦስት እግር መኪና ላይም ጥርስ ያለው ዘንግ ነበረ። በእኛ አገር የባለ ራክ አሮጌ መኪና ምሳሌ የሚሆነው ፔጆ 404 ነው። ፔጆ በ203 (1948)፣ በ403 (1955)፣ በ404 (1960) እና በ504 (1968) ላይ ሁሉ ራክ ተጠቅሟል፤ ዓመቶቹ እንደ ፈረንጅ ናቸው። 404 በምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ራሊ እ.ኤ.አ. በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 አሸንፏል። ሐረር ውስጥማ ለአሥርት ዓመታት የከተማው ታክሲ እሱ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ቀን ማስታወስ ያስፈልጋል። ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በግራ መንዳት ትታ በቀኝ መንዳት ጀመረች። ለራክ ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። መሪው በቀኝ ላለ መኪና የተሠራ ራክ መሪው በግራ ላለው አይሆንም፤ ፒኞኑ የሚገባበት ጎን ይለያያልና። ስለዚህ አሮጌ ራክ ፍለጋ የሚወጣ ሰው «የፔጆ ነው» መባሉ ብቻ አይበቃውም፤ የየትኛው ጎን እንደሆነ ገልብጦ ማየት አለበት።

ታዲያ ራክ ለምን ያልቃል? የስምጥ ሸለቆው መንገድ ረጅምና ቀጥ ያለ ነው። ሾፌሩ ቀኑን ሙሉ መሪውን ቀጥ አድርጎ ስለሚይዝ የሚበሉት የራኩ የመሃል ጥርሶች ናቸው፤ የዳሮቹ እንዳዲስ ይቀመጣሉ። በዚያ ላይ ጫፍና ጫፍ ያለው የጎማ ሽፋን ከተቀደደ የአካባቢው የእሳተ ገሞራ አቧራ ከግራሶው ጋር ይለወስና ብረቱን እንደ ሞረድ ይፈጨዋል። አሁን መካኒኩ ፈተና ላይ ነው። የመሃሉ ክፍተት እንዲጠፋ ማስተካከያውን ካጠበቀ፣ መኪናው ሲታጠፍ ያልተበሉት የዳር ጥርሶች ይጨናነቃሉ፤ መሪውም ከመታጠፊያ በራሱ አይመለስም። ያጠበቀ መስሎት የባሰ አደጋ ይሠራል።

በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ፣ በክረምት ቆቃ አንድ ጋራዥ እሠራ ነበር። አንድ ጊዜ መሪው የላላ 404 መጣ። ባለቤቱ አዛውንት ነጋዴ ናቸው፤ በማግስቱ ገበያ መድረስ አለባቸው። ሲፈታ ከራኩ መሃል አንዱ ጥርስ ጫፉ ተሰብሯል። «በብየዳ ሙላልኝና በሞረድ አስተካክለው፤ ሌላ ቦታ ሲያደርጉት አይቻለሁ» አሉ። ጌታችን፣ ሁላችንም ጋሼ የምንለው፣ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፦

«አባባ፣ ፍሬን ቢከዳዎት ማርሽ አለ፣ የእጅ ፍሬን አለ። መሪ ከከዳዎት ምን ይይዛሉ?»

አዛውንቱ ተቆጡ፣ ለመኑ፤ ጋሼ ግን አልሠራም አለ። በመጨረሻ ዕቃቸውን በሌላ ሰው መኪና ልከው እሳቸው ቀሩ። ያገለገለ ራክ ሐረር ተገኝቶ በአውቶቡስ እስኪመጣ ከአንድ ሳምንት በላይ ፈጀ። ሲመጣም ጋሼ ዝም ብሎ አልገጠመውም። ዘንጉ ቀጥ ማለቱን በመስታወት ላይ አንከባሎ አየ፤ ያለቀውን የዳር ቡሽ አዳማ ቶርኖ ቤት ልኮ በነሐስ አስቆረጠ። ከዚያ መሪው ከዳር እስከ ዳር ስንት ዙር እንደሚዞር ቆጥሮ እኩሌታው ላይ አቆመው፤ ጎማዎቹን በክርና በሜትር ለክቶ አስተካከለ።

በክፍል የብረታ ብረት ትምህርት ስንማር የጋሼ እምቢታ ምክንያቱ ገባኝ። የራክ ጥርስ ላዩ በሙቀት ሕክምና የጠነከረ ብረት ነው። የብየዳ እሳት ሲነካው ያ ጥንካሬ ይጠፋል፤ ዙሪያውም ተሰባሪ ሊሆን ይችላል። የተጣመመ ራክ በእሳት አግሎ ማቃናትም ያው ነው። ጋሼ ይህን በመጽሐፍ አልተማረም፤ ደንቡ ግን የመጽሐፉ ነበር። ቡሽ፣ የጎማ ሽፋን፣ ግራሶ፣ ማሰሪያ ብሎን ይጠገናል ወይም በቦታው ይሠራል፤ ጥርስና ዘንግ ከተጎዳ ይለወጣል። ከሁሉ በፊት ግን ጥፋቱ በእርግጥ የራኩ መሆኑ ይጣራል። የዘንግ ራስ ላልቶ ወይም ማሰሪያው ተፈትቶ ሳለ በከንቱ የተለወጠ ራክ ስንት ነው!

ይህ ጉዳይ የአሮጌ መኪና ወዳጆች ብቻ እንዳይመስላችሁ። የአዲስ–አዳማ ፈጣን መንገድ በ2007 ዓ.ም. ከተከፈተ ወዲህ የላላ መሪ በፍጥነት ላይ የሚያመጣው ጣጣ ጨምሯል። በየመንገዱ የምናየው አባዱላ ሚኒባስም ባለ ራክ ነው። መሪያቸው ከቀኝ ወደ ግራ ተዛውሮ የገቡ ያገለገሉ መኪኖችም አሉ፤ ዝውውሩ እንዴት እንደተሠራ ፈትቶ ማየት የሚችል ባለሙያ ይፈልጋሉ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል፤ የሚመጡት የኤሌክትሪክ መኪኖችም መሪያቸው ራክ ነው፤ የሚያግዘው ሞተር ብቻ ተጨምሮበታል። ዛሬ ብዙ ቦታ መልሱ «ሙሉውን ለውጠው» ሆኗል። አንዳንዴ ትክክል ነው። ዳሩ ግን ሳይመረምሩ መለወጥ የውጭ ምንዛሪ ማባከን ነው፤ ሳይመረምሩ መጠገን ደግሞ የሰው ሕይወት ያስከፍላል። በሁለቱ መካከል የሚፈርደው ዕውቀት ያ የጋራዥ ዕውቀት ነው፤ የያዙትም ሰዎች እያረጁ ነው።

ስለዚህ ለዘንድሮው መሰባሰባችን አንድ ሐሳብ አለኝ። የአውቶሞቲቭ ልጆች የነበራችሁ ከየጋራዣችሁ የወጣ ያለቀ ራክ፣ የተበላ ፒኞን፣ በቶርኖ የተሠራ ቡሽ ካላችሁ ለብረት ሻጭ አትስጡት፤ ለወርክሾፑ ይምጣ። መምህራንም ተማሪዎቻችሁን ከሞጆ እስከ ሻሸመኔ ወዳሉ አንጋፋ መካኒኮች ላኩና ምን ይጠግኑ፣ ምን እምቢ ይሉ እንደነበር በድምፅ ይቅረጹ። እምቢ ያሉበትን ምክንያት በተለይ ጠይቁልን፤ በማኑዋል ላይ የማይገኘው እሱ ነው።