ያገለገለ ኮምፒዩተር ታሪክና አገዛዙ

ፈረስ በሚከበርበት በአገው ምድር፣ ሰው ፈረስ ሊገዛ ገበያ ሲወጣ አስቀድሞ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ዕድሜው የሚታወቀው በጥርሱ ነውና። እኛ የእንጅባራና የዳንግላ ተማሪዎች ከፈረሱም ሌላ ኮምፒዩተር የምንፈልግበት ዘመን ስለ ደረሰ፣ ያገለገለው ኮምፒዩተር ከወዴት እንደ መጣና ጥርሱ እንዴት እንደሚታይ ለአንባቢዎቻችን በአጭሩ ልንገልጽ ወደድን።

አይ.ቢ.ኤም. የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የግል ኮምፒዩተሩን ለገበያ ያቀረበው በአውሮፓ አቈጣጠር በነሐሴ 1981 ሲሆን፣ ዝቅተኛው ዋጋ 1,565 ዶላር ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥበቡ በፍጥነት ስለ ተሻሻለ፣ በሀብታም አገሮች ያሉ መሥሪያ ቤቶች ገና ያልተሰበረውን መሣሪያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአዲስ ይለውጡ ጀመር። የርካሹ ኮምፒዩተር ምንጭ ይኸው ነው።

ይሁን እንጂ ርካሽ ሁሉ ትርፍ አይደለም። የፊደላችንን ነገር እንመልከት። ኢንጂነር አያና ብሩ የጽሕፈት መኪናን ለአማርኛ ፊደል እንዳመቻቹ ሁሉ፣ በኮምፒዩተርም የደከሙ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ፊደላችን ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ ሥርዓት ውስጥ በ1999 ገባ። ንያላ የተባለው የፊደል ቅርጽ ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው ግን በ2007 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራውን የገዛ ሁሉ ፊደሉን ለብቻው መጫን ግድ ሆነበት።

ሁለተኛው ነገር ጥበቃ ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ ኤክስፒ የሚሰጠውን ጥበቃ በ2014፣ ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ጥበቃ ደግሞ በ2025 አቆመ። ዊንዶውስ 11 ብዙዎቹን አሮጌ ኮምፒዩተሮች አይቀበልም። ለእነዚህ በ1991 የተጀመረው ሊኑክስ ያለ ክፍያ ስለሚገኝ መልካም መድኀኒት ነው።

ሦስተኛው ፍርስራሹ ነው። በአሮጌው ወፍራም ስክሪን መስታወት ውስጥ እርሳስ የተባለው መርዛም ብረት አለ። የ1989 የባዝልና የ1991 የባማኮ ስምምነቶች አደገኛ ቆሻሻ ከአገር ወደ አገር እንዳይጣል የተደረጉ ናቸው፤ አገራችንም የሁለቱም አባል ናት። በ2018 ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ቆሻሻ አወጋገድ ደንብ ወጥቷል። የማይሠራ ኮምፒዩተር በርካሽ የገዛ ሰው የሌላውን ቆሻሻ በገንዘቡ ገዛ ማለት ነው።

እንግዲህ ጥርሱን እንይ። ገንዘብ ከመክፈል በፊት ኮምፒዩተሩ ተከፍቶ ጥቂት ሰዓት ይሥራ። የተሠራበት ዓመት፣ የራሙና የሃርድ ዲስኩ መጠን ይታይ። ሃርድ ዲስኩ ቀጭ ቀጭ የሚል ከሆነ ይቅር። በጠፋ ቁጥር ሰዓቱ የሚዛባ ከሆነ ግን ጥፋቱ ብዙውን ጊዜ የትንሿ ባትሪ ነው፤ እርሷም በጥቂት ብር ትለወጣለች።

ይህን ሁሉ የምንጽፈው ለጨዋታ አይደለም። በ2016 ዓመተ ምሕረት የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ጥያቄውን እያወቀ ጣቱ ፊደል ሲፈልግ ሰዓቱ የሚያልፍበት ልጅ የሚወድቀው በዕውቀት ማነስ አይደለም፤ በልምምድ ማጣት ነው እንጂ። ስለዚህ ወላጆችና መምህራን ሆይ፣ ለትምህርት ቤት ኮምፒዩተር ሲገዛ ቍጥሩን ብቻ አትዩ። አቧራ ከለበሱ ሠላሳ፣ የሚሠሩ ዐሥር ይበልጣሉ። በዐሥሩ ተራ በተራ ተለማምደን፣ ከእኛ በኋላ ለሚመጡት ታናናሾቻችን ደኅና አድርገን ለማስረከብ ያብቃን።