የውሸቱ ሞትና እውነተኛው ሞት
የ«ካኒባል ሆሎካስት» ፊልም ታሪክ

በፌብሩዋሪ 1980 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በሰሜን ኢጣሊያ በምትገኘው በሚላኖ ከተማ አንድ ፊልም ለሕዝብ ቀረበ። ርዕሱ «ካኒባል ሆሎካስት» ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የሰው በላዎች እልቂት» እንደ ማለት ይሆናል። አዘጋጁ ሩጀሮ ዴዮዳቶ ይባላል። ፊልሙ መታየት በጀመረ በዐሥር ቀን ገደማ በዳኛ ትእዛዝ ተያዘ፤ አዘጋጁም ጸያፍ ትርኢት ለሕዝብ አቅርቧል ተብሎ ተከሰሰ። እስከዚህ ድረስ በሲኒማ ታሪክ እንግዳ ነገር የለም፤ እንግዳው ነገር የተከተለው በማግሥቱ ዓመት ነው። በጃንዋሪ 1981 «ፎቶ» የተሰኘ የፈረንሳይ መጽሔት፣ በፊልሙ ውስጥ ከሚታዩት ግድያዎች አንዳንዶቹ እውነተኛ ሳይሆኑ አይቀሩም የሚል ጽሑፍ አወጣ። በዴዮዳቶም ላይ የነፍስ ግድያ ክስ ተጨመረ። አንድ የፊልም አዘጋጅ ለካሜራ ሲል ተዋንያኑን ገድሏል ተብሎ ተጠርጥሮ ችሎት ፊት ቆመ።

ጥርጣሬው ከሜዳ የተነሣ አልነበረም። ፊልሙ ሁለት ክፍል አለው። በመጀመሪያው ክፍል ፕሮፌሰር ሃሮልድ ሞንሮ የተባሉ የኒውዮርክ የአንትሮፖሎጂ ምሁር ወደ አማዞን ጫካ ይዘልቃሉ። ዓላማቸው ሰው ይበላሉ ስለሚባሉ ጎሣዎች ዘጋቢ ፊልም ሊሠሩ ገብተው ደብዛቸው የጠፋ አራት ወጣት አሜሪካውያንን መፈለግ ነው። የሚያገኙት ግን ዐፅማቸውንና የፊልም ጥቅሎቻቸውን ብቻ ነው። በሁለተኛው ክፍል ጥቅሎቹ ኒውዮርክ ደርሰው ታጥበው ይታያሉ፤ የተሰወረውም ነገር ይገለጣል። ወጣቶቹ የመንደሩን ሰዎች በጠመንጃ እያዋከቡ ጎጆ ውስጥ ካጎሩ በኋላ እሳት ይለቁባቸዋል፤ ያንንም የጎሣ ጦርነት አስመስለው ይቀርጹታል። አንዲት ልጃገረድ ይደፍራሉ። ቆይቶም አንዲት ልጃገረድ በረጅም እንጨት ላይ ተሰክታ ስትገኝ፣ የቡድኑ መሪ ፈገግ ይልና ካሜራው እየቀረጸው መሆኑ ሲነገረው ፊቱን ወዲያው በሐዘን ይለውጣል። በመጨረሻ የአካባቢው ሰዎች ተነሥተው አራቱንም ይገድሏቸዋል፤ ካሜራው እስከ መጨረሻዋ ቅጽበት ይቀርጻል። ጥቅሉን ለሕዝብ ሊያሳዩ አሰፍስፈው የነበሩት የቴሌቪዥን ጣቢያው ሹማምንት ፍጻሜውን ሲያዩ እንዲቃጠል ያዝዛሉ። ፕሮፌሰሩም እውነተኛዎቹ ሰው በላዎች እነማን እንደሆኑ በልባቸው እየጠየቁ ወደ ጎዳናው ይወጣሉ።

ዴዮዳቶ ይህን ሁለተኛ ክፍል ሲሠራ ካሜራው በትከሻ ላይ እንዲንቀጠቀጥ፣ ፊልሙም የተቧጨረና የተቆራረጠ እንዲመስል አደረገ። አራቱን ወጣቶች እንዲጫወቱም ገና ስም ያላወጡ ተዋንያንን መረጠ። በውላቸው መሠረት ፊልሙ ከወጣ በኋላ ለአንድ ዓመት ያህል ከሕዝብ ዐይን እንዲሰወሩ ተደረገ። ተመልካቹ በእርግጥ ሞተዋል ብሎ እንዲያምን የታሰበ ዘዴ ነበር። ዘዴው ከሚገባው በላይ ሠራና ባለቤቱን ወጥመድ ውስጥ ጨመረው።

አዘጋጁ ራሱ በተደጋጋሚ እንደተናገረው፣ የፊልሙ ሐሳብ የመጣለት የኢጣሊያ ቴሌቪዥን ስለ «ቀይ ብርጌድ» የሽብር ቡድን የሚያቀርበውን ዜና ሲከታተል ነው። ጋዜጠኞቹ ደሙን በሰዉ ሳሎን ውስጥ ለማፍሰስ የማይሳሱ መስለው ታዩት። ይሁን እንጂ ፊልሙ የቴሌቪዥን ልጅ ብቻ አይደለም፤ የዘር ሐረጉ ወደ ኋላ ይዘልቃል፤ አንዱ ሐረግም በአፍሪካ በኩል ያልፋል።

የኢጣሊያ ካሜራ ሩቅ አገር ሄዶ «አረመኔውን» ለአገሩ ተመልካች ማቅረብ የጀመረው በ1980 አልነበረም። በ1924 የተቋቋመው የሉቼ የፊልም ተቋም በ1935 እና በ1936 ወረራ ጊዜ ባለሙያዎቹን ወደ ኢትዮጵያ ልኮ ነበር። በዜና ፊልሞቹ ውስጥ መንገድ ሲጠረግና ባሪያ ነጻ ሲወጣ ይታያል፤ ከአውሮፕላን የተረጨው የመርዝ ጋዝ ግን አይታይም። የኢጣሊያ የመከላከያ ሚኒስቴር ጋዙ ጥቅም ላይ መዋሉን በይፋ ያመነው በ1996 ነው። ካሜራው የሚያሳየውን ያህል የሚደብቀውም ይናገራል።

ከጦርነቱ በኋላ የመጣው ትውልድ ግዛት ባይኖረውም ካሜራ ነበረው። በ1962 ጓልቲዬሮ ያኮፔቲ፣ ፍራንኮ ፕሮስፔሪና ፓኦሎ ካቫራ «ሞንዶ ካኔ» የተባለውን ፊልም አወጡ። ከየአገሩ የተለቀሙ አስደንጋጭና አስገራሚ ልማዶችን አከታትሎ የሚያሳይ ሥራ ሲሆን፣ የትኛው እውነት የትኛው የተቀነባበረ እንደሆነ ለተመልካቹ አይነግርም። ገበያው ደራ፤ «ሞንዶ» የተባለ የፊልም ዘርም ተፈጠረ። ያኮፔቲና ፕሮስፔሪ በ1966 «አፍሪካ አዲዮ»ን፣ ማለትም «አፍሪካ ደኅና ሁኚ»ን፣ አስከተሉ። በዚህ ፊልም ኬንያ፣ ታንጋኒካ፣ ዛንዚባርና ኮንጎ ነጮች ሲወጡባቸው ወደ ደም ባሕር የሚሰጥሙ አገሮች ሆነው ቀረቡ። በጃንዋሪ 1964 ከዛንዚባር አብዮት በኋላ ከአየር ላይ የተነሡት የሬሳ ምስሎች የዚያ ፊልም ናቸው። በምዕራብ በርሊን ሲታይ አፍሪካውያንና ጀርመናውያን ተማሪዎች በአደባባይ ተቃወሙት።

ከዚያ ፊልም ጋር የተያያዘ አንድ ጉዳይ ለዴዮዳቶ ታሪክ መቅድም ሊባል ይችላል። በኮንጎ በቅጥረኛ ወታደሮች የተፈጸመ ግድያ ለካሜራው እንዲመች ተደርጎ ነበር የሚል ዘገባ በኢጣሊያ ወጣ፤ ያኮፔቲም ተከሰሰ፤ በመጨረሻ ነጻ ተባለ። ከሰው ሞት ፊት የቆመ ካሜራ ምስክር ነው ወይስ ተባባሪ የሚለው ጥያቄ በኢጣሊያ ችሎት የቀረበው በዚያን ጊዜ ነው። የዴዮዳቶ ፊልም ያንን ጥያቄ አንሥቶ የራሱ ታሪክ አደረገው። ዝምድናው በድምፅም ይሰማል፤ ለ«ሞንዶ ካኔ» ዜማ የደረሰው ሪዝ ኦርቶላኒ ለ«ካኒባል ሆሎካስት»ም ሙዚቃውን ሠርቷል። ልብ የሚያባባው ለስላሳ ዜማ ከእልቂቱ ትዕይንት ጋር ሲሰማ ተመልካቹን ግራ ያጋባል።

ሌላው ሐረግ ጫካን የሚመለከቱት ርካሽ የጀብዱ ፊልሞች ናቸው። ኡምቤርቶ ሌንዚ በ1972 ታይላንድ ውስጥ የጀመረውን መንገድ ዴዮዳቶ ራሱ በ1977 «የመጨረሻው የሰው በላዎች ዓለም» በተባለ ሥራው ተከተለው፤ ሰርጆ ማርቲኖም በ1978 ተጨመረ። በእነዚህ ፊልሞች አገሩ ቢለያይም ታሪኩ አንድ ነው፤ ነጭ ይገባል፣ ጫካው ይውጠዋል፣ የጫካው ሰው ደግሞ ስምም ቋንቋም ሳይኖረው ጥርስ ብቻ ሆኖ ይታያል።

«ካኒባል ሆሎካስት» የተቀረጸው በ1979 ኮሎምቢያ፣ ብራዚልና ፔሩ በሚገናኙበት በሌቲሲያ ከተማ አካባቢ ነው። ለጎሣዎቹ ሚና የተሰለፉት የአካባቢው ተወላጆች፣ በተለይም የቲኩና ሕዝብ አባላት ነበሩ። በፊልሙ ውስጥ ግን ከጎሣዎቹ አንዱ «ያኖማሞ» ተባለ። ያኖማሚዎች በብራዚልና በቬኔዝዌላ ድንበር ላይ፣ ከሌቲሲያ እጅግ ርቀው የሚኖሩ በእውን ያሉ ሕዝብ ናቸው። ስማቸው በምዕራቡ ዓለም የናኘው ናፖሊዮን ሻኞን የተባለው አሜሪካዊ አንትሮፖሎጂስት በ1968 «ጨካኙ ሕዝብ» ብሎ በጠራቸው መጽሐፍ ሲሆን፣ ያ ገለጻ በሙያው ባልደረቦች መካከል ብርቱ ክርክር አስነሥቷል። ያኖማሚዎች የሙታናቸውን አስከሬን አቃጥለው የዐፅሙን አመድ ከሙዝ ሾርባ ጋር ቀላቅለው ይጠጣሉ፤ ይህ የወገን ሐዘን ሥርዓት ነው። በፊልሙ ውስጥ የሚታየው ጥሬ ሥጋ የመቀራመት ትርኢት ከዚህ ጋር አንዳች ዝምድና የለውም።

በቀረጻው ላይ ደም በእርግጥ ፈሷል። ኮአቲ የተባለች የዱር እንስሳ፣ ትልቅ ኤሊ፣ ሸረሪት፣ እባብ፣ አሳማና ጦጣዎች ለካሜራ ሲባል በሕይወት ታረዱ ወይም ተገደሉ፤ የጦጣው ትዕይንት ሁለት ጊዜ በመቀረጹም ሁለት ጦጣዎች ሞቱ። የፊልሙ ተረት ለትርኢት ሲሉ ነፍስ የሚያጠፉ ወጣቶችን ያወግዛል፤ አውጋዡ ግን የሚያወግዘውን ያደርጋል። አበው «የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች» የሚሉት ለእንዲህ ያለው ነው።

ወደ ችሎቱ እንመለስ። ዴዮዳቶ ከነፍስ ግድያው ክስ ለመዳን ከተዋንያኑ አንዱ የነበረውን ሉካ ባርባሬስኪን ፈልጎ ሌሎቹንም እንዲያሰባስብ ጠየቀው። ተዋንያኑ በኢጣሊያ ቴሌቪዥን ሲቀርቡ በሕይወት መኖራቸው ታወቀ። በእንጨት ስለ ተሰካችው ልጃገረድ ሲጠየቅም ዘዴውን ገለጠ፤ ከብረት ምሰሶ ጋር የብስክሌት ኮርቻ ተያይዞ ልጅቷ በዚያ ላይ ተቀምጣ፣ አጭር ቀላል እንጨት በአፍዋ ይዛ ወደ ሰማይ ቀና ብላ ነበር። ከቀረጻው በኋላ ከሠራተኞቹ ጋር የተነሣቻቸውን ፎቶግራፎችም አቀረበ። የግድያው ክስ ተዘጋ። ሆኖም በእንስሳቱ ላይ በተፈጸመው ጭካኔና በጸያፍነት ምክንያት እሱና ከፊልሙ ሥራ ጋር የተያያዙ ሌሎች ሰዎች የ4 ወር የገደብ እስራት ተፈረደባቸው። እገዳው የተነሣው በ1984 ነው።

የዚህ ክስ ትርጉም ያለው ግን ከተጠየቀው ይልቅ ባልተጠየቀው ነገር ላይ ነው። በፊልሙ መካከል አራቱ ወጣቶች ቀደም ሲል ሠርተውታል የተባለ «የሲኦል የመጨረሻ መንገድ» የሚል ዘጋቢ ፊልም ለአጭር ጊዜ ይታያል። ሰዎች በጥይት ሲረሸኑ ያሳያል። እነዚያ ምስሎች ከዜና ክምችት የተወሰዱ፣ በናይጄሪያና በደቡብ ምሥራቅ እስያ የተፈጸሙ እውነተኛ ግድያዎች ናቸው። በታሪኩ ውስጥ ግን አንዲት ገጸ ባሕርይ እነዚህ ሁሉ ወታደሮች ገንዘብ ተከፍሏቸው የተቀነባበሩ ናቸው ትላለች። ስለዚህ በአንድ ፊልም ውስጥ እውነተኛው ሞት ውሸት ተባለ፤ የውሸቱ ሞት ደግሞ እውነት መስሎ ወንጀል ምርመራ አስነሣ። የአራት ነጭ ተዋንያን በሕይወት መኖር የኢጣሊያን ዐቃቤ ሕግ አሳሰበው፤ የተረሸኑት አፍሪካውያንና እስያውያን ስም ማን እንደሆነ ግን ማንም አልጠየቀም።

ጫካውም የራሱ ያልተጠየቁ ሙታን ነበሩት። በኮንጎ የንጉሥ ሌኦፖልድን አገዛዝ ግፍ በ1904 ሪፖርቱ ያጋለጠው የብሪታንያ ቆንስል ሮጀር ኬዝመንት፣ በ1910 ወደ ላይኛው አማዞን ተልኮ በፑቱማዮ ወንዝ አካባቢ ያየውን ጽፏል። መዝገቡ ለንደን የነበረ የጎማ ኩባንያ የዊቶቶንና የሌሎች ሕዝቦችን ተወላጆች በጅራፍ፣ በረኃብና በጥይት እየፈጀ ጎማ ያስለቅም ነበር። በ1993 ደግሞ በብራዚልና በቬኔዝዌላ ድንበር፣ ሃሺሙ በተባለ ስፍራ፣ ወርቅ ቆፋሪዎች 16 ያህል ያኖማሚዎችን ገደሉ፤ የብራዚል ፍርድ ቤትም ድርጊቱን የዘር ማጥፋት ወንጀል ብሎ ፈረደበት። በአማዞን ማን ማንን እንደበላ መዝገቡ እንዲህ ይነበባል።

ፊልሙ ከብዙ አገሮች ታግዶ ኖረ፤ በብሪታንያም በ1980ዎቹ ከታገዱት የቪዲዮ ፊልሞች አንዱ ሆነ። ሆኖም «ተገኘ» በተባለ የፊልም ጥቅል ታሪክ የመተረክ ዘዴው አልሞተም፤ በ1999 የወጣው አሜሪካዊው «ብሌር ዊች ፕሮጀክት» በዚሁ ስልት ዓለምን አዳረሰ። ዴዮዳቶም በኋላ ዘመኑ በእንስሳቱ ግድያ መጸጸቱን ተናገረ፤ በዲሴምበር 2022 በ83 ዓመቱ ዐረፈ። እስኪሞትም ድረስ ስለ ፊልሙ ትርጉም ይጠየቅ ነበር፤ መልሱም የጋዜጠኞችን ጭካኔ ለማሳየት ፈልጎ እንደነበር ነው። አባባሉን ሐሰት ማለት አይቻልም፤ ከእሱ ቀደም ብሎ የካሜራን ወንጀል በካሜራ ፊት ያን ያህል በግልጽ ያቆመ የፊልም ሰው ጥቂት ነው። ችግሩ ክሱን ያቀረበበት መሣሪያ ያው ተከሳሹ መሆኑ ነበር።

ከዚያ ችሎት መዝገብ አንድ ነገር ከአእምሮ አይጠፋም። ነጮቹ ተዋንያን ሕያው መሆናቸውን ለማስረዳት በአካል ታዩ፤ ድምፃቸውም ተሰማ። በእንጨት ላይ የታየችው ልጃገረድ ግን ለችሎቱ የደረሰችው በፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፉ እንዳልሞተች ለማስረዳት በቃ። ማን እንደሆነች፣ በዚያ ብረት ላይ ስትቀመጥ ምን እንዳሰበች፣ ሕዝቧ ሰው በላ ተብሎ በዓለም ፊት ሲታይ ምን እንደተሰማት እንዲናገር ግን ከፎቶግራፍ አይጠበቅም። ፕሮፌሰር ሞንሮ በኒውዮርክ ጎዳና ላይ ሆነው ለጠየቁት ጥያቄ መልስ የነበራት ምናልባት እሷ ብቻ ነበረች።