የገዲ ጉድጓድና የአንዲት ከተማ መጥፋት

ከኬንያዋ የወደብ ከተማ ከማሊንዲ በስተደቡብ የዋታሙ የባሕር ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ፓርኩ የተከለለው እ.ኤ.አ. በ1968 ነው። ነጭ አሸዋማ ዳርቻውን፣ በኮራል አለት ከማዕበል የተጠበቀውን ጸጥተኛ ውኃ፣ እንዲሁም ሚዳ የተባለውን ወደ የብስ የገባ የባሕር ክንድ ለማየት ብዙ ሰው ይመጣል። በሚዳ ዳር፣ በማንግሮቭ ደን መካከል በተዘረጋው የእንጨት መተላለፊያ ላይ እየተራመዱ ባሕሩ ሲሞላና ሲሸሽ መመልከት ይቻላል። የታሪክ መምህርና ተማሪ ግን ከባሕሩ ጥቂት ኪሎ ሜትር ገባ ብለው በደን ውስጥ ያለውን የገዲን ፍርስራሽ ሳያዩ ሊመለሱ አይገባም።

ገዲ የስዋሂሊ ሕዝብ ከተማ ነበረች። መስጊዶቿ፣ ቤተ መንግሥቷና የባለጸጎቿ ቤቶች በኮራል ድንጋይ የተገነቡ ሲሆኑ፣ ዙሪያዋም በግንብ የታጠረ ነበር። ከመቃብሮቿ በአንዱ ላይ በእስላም አቆጣጠር 802፣ ማለትም እ.ኤ.አ. 1399 የሚል ዓመት ተቀርጾ ይገኛል። ጄምስ ከርክማን እ.ኤ.አ. ከ1948 ጀምሮ ባካሄደው ቁፋሮ የተገኘው የቻይና ሸክላም ከተማዋ ከሩቅ አገር ጋር ትነግድ እንደነበር ያስረዳል። ይሁንና በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ገደማ ነዋሪዎቿ ጥለዋት ሄዱ።

ለመሆኑ ይህች ከተማ ስለምን ጠፋች? ብዙ ጊዜ የሚሰጠው መልስ አጭር ነው፤ ይኸውም «ከሰሜን የመጡት ኦሮሞዎች አጠፏት» የሚል ነው። በዚያ ዘመን የኦሮሞ ሕዝብ ከደቡብ ኢትዮጵያ ተነሥቶ እስከዚህ ጠረፍ መድረሱ እውነት ነው። ውጊያም ነበር። ነገር ግን ከትልቁ መስጊድ አጠገብ ያለው ጉድጓድ ሌላ ነገር ይነግረናል። ጉድጓዱ በኋላ ዘመን እንደገና ተቆፍሮ ጥልቀቱ እንዲጨምር ተደርጓል። ይህም የከርሰ ምድሩ ውኃ እየራቀ መሄዱን ያመለክታል። ውኃ የራቀባት ከተማ ደግሞ ጠላት ባይመጣባትም መድከሟ አይቀርም።

በዚህ ላይ ሌሎች ምክንያቶች አሉ። እ.ኤ.አ. በ1589 ዚምባ የተባሉ ተዋጊዎች ሞምባሳን ወርረው እስከ ማሊንዲ ዘልቀዋል። እ.ኤ.አ. በ1593 ፖርቱጋሎች በሞምባሳ ምሽግ መሥራት ጀመሩ፤ የማሊንዲውንም ሼህ ወደዚያ አዛወሩ። በዚህ ምክንያት የአካባቢው ኃይልና ንግድ ወደ ደቡብ ሸሸ። እንግዲህ ገዲን የጎዱት ውኃ፣ ጦርነትና የንግድ መዛወር በአንድነት ነበሩ ማለት ይቻላል።

ይህ ጉዳይ ለእኛ ለመምህራን ቀላል አይደለም። በክፍል ውስጥ የአንድን ከተማ ጥፋት በአንድ ሕዝብ ስም ብቻ ስናስተምር፣ የዚያ ሕዝብ ልጅ በዚያው ክፍል ተቀምጦ እንደሚሰማን ማስታወስ ይገባናል። ማባበያ ታሪክ እንንገረው ማለት ግን አይደለም፤ ማስረጃው ሁሉ ይቅረብለት ማለት ነው።

ገዲ እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግባለች። ወደዚያ መሄድ የማይችል ትምህርት ቤትም ቢሆን በአካባቢው የፈረሰ ግንብ ወይም የደረቀ ጉድጓድ አያጣም። ተማሪዎች ወደዚያ ሄደው ይለኩ፤ ሽማግሌዎችን ይጠይቁ፤ «ማን አጠፋው?» ከማለታቸው በፊትም «ውኃው ከየት ይቀዳ ነበር?» ብለው ይጀምሩ።