የዌሊንግተን የበረዶ ናዳና የተተወው የባቡር መንገድ

ብዙ የአገራችን ሰዎች ከሚኖሩባት ከሲያትል በስተ ምሥራቅ፥ በካስኬድ ተራሮች ውስጥ፥ «የብረት ፍየል» የሚባል የእግር መንገድ አለ። ስሙ የመጣው ግሬት ኖርዘርን የተባለው የምድር ባቡር ኩባንያ ምልክቱ ካደረገው የተራራ ፍየል ነው። በዚህ መንገድ ስንሄድ ሐዲድ አላየንም፤ ተነሥቷል። የቀሩት ሽበት ያለበሳቸው የሲሚንቶ ግድግዳዎችና አፋቸው የጨለመ ዋሻዎች ናቸው። ደኑ ሁሉን ስለ ሸፈነው በዚህ ሥፍራ ባቡር ያልፍ ነበር ብሎ ለማመን ያስቸግራል።

መሥመሩ በ1893 ተፈጸመ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው)። በመጀመሪያ ባቡሩ ተራራውን የሚሻገረው ወዲያና ወዲህ እየተመላለሰ ነበር፤ በ1900 ግን 4.2 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ዋሻ ተከፈተ። በዋሻው ምዕራባዊ አፍ አጠገብ ዌሊንግተን የምትባል ትንሽ ጣቢያ ነበረች።

በየካቲት 1910 መጨረሻ ከስፖኬን ወደ ሲያትል የሚሄዱ ሁለት ባቡሮች፥ አንዱ የመንገደኞች፥ ሌላው የፖስታ፥ በዚህች ጣቢያ በበረዶ ታገዱ። በረዶ ጠራጊዎቹ መሣሪያዎች ራሳቸው በናዳ መካከል ተያዙ፤ ከሰሉም እያለቀ ሄደ። ከመንገደኞቹ አንዳንዶቹ ባቡሩ ወደ ዋሻው እንዲመለስላቸው ለመኑ፤ ጢሱና ብርዱ ያስቸግራል ተብሎ ሳይፈቀድላቸው ቀረ። ጥቂቶች በእግራቸው ወርደው ዳኑ። መጋቢት 1 ቀን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፥ ነጎድጓድና ዝናብ ባለበት ሰዓት፥ የተራራው በረዶ ተንዶ ሁለቱንም ባቡሮች 45 ሜትር ያህል ወደ ታይ ወንዝ ሸለቆ ጣላቸው። የሞቱት 96 ናቸው፤ ከእነዚህም የሚበዙት የኩባንያው ሠራተኞች ነበሩ። በሕይወት የተረፉት 23 ብቻ ናቸው።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው? የመጀመሪያው ፍርድ ቤት ለከሳሹ ፈረደ፤ በ1914 ግን የግዛቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ነገሩ ከሰው አቅም በላይ ነው ብሎ ፍርዱን ሻረው። እኛ ይህን ውሳኔ በሙሉ ለመቀበል እንቸገራለን። እርግጥ፥ የአካባቢው የበላይ ኃላፊ ጄምስ ኦኒል ከሠራተኞቹ ጋር ቀንና ሌሊት እንደ ደከመ አይካድም፤ በዋሻ ውስጥ መተኛትም ምቾት አልነበረውም። ነገር ግን ከባቡሮቹ በላይ ያለው ተዳፋት ቀደም ብሎ እሳት ዛፉን የጨረሰበት ራቁት መሬት ነበር። በረዶውን የሚይዝ ዛፍ በሌለበት ሥፍራ ሰውን ለቀናት አቁሞ ማቆየት የሰማይ ሥራ ብቻ ሊባል አይችልም።

ኩባንያውም ወዲያው በዚያው ሥፍራ 750 ሜትር ያህል የሚረዝም የሲሚንቶ መከላከያ ጣሪያ አሠራ። የጣቢያዋንም ስም በዚያው ዓመት ለውጦ «ታይ» አላት፤ ዌሊንግተን የሚለው ስም መንገደኛን ያስፈራ ነበርና። በ1929 ከ12 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነ አዲስ ዋሻ ሲከፈት አሮጌው መሥመር ተተወ። በ1993 ለእግረኛ የተከፈተው በበጎ ፈቃደኞች ድካም ነው። ያ ጣሪያ ዛሬም ቆሟል፤ በሥሩ ስናልፍ ከታች የወንዙ ድምፅ ይሰማን ነበር።